ጉልበት፣ ትከሻ፣ እጅ

በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኔ ከአራት መቶ የማያንስ ሰው ገድያለሁ። መቁጠር ያቆምኩት ሦስት መቶ ስልሳ ላይ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን በግምት ነው የምናገረው። አብዛኞቹን በጥይት፣ ጥቂቶቹን በጩቤ፣ አንዱን ሀብታም ሽማግሌ ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ገፍትሬ። ፖሊስ አንድ ቀን እንኳ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም፤ ፖሊስ በር ሲያንኳኳ የማንኳኳውም እኔው ነኝ።

ሥራዬ ለፊልም ድምፅ መሥራት ነው። ካሜራው ሲቀርጽ የተዋናዩ ንግግር ይያዛል እንጂ የጫማው ኮቴ፣ የበሩ ሲጥሲጥታ፣ የክብሪቱ ጭረት ጥርት ብሎ አይገባም። ስለዚህ ቀረጻው ካለቀ በኋላ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት እቆምና፣ ተዋናዩ ሲራመድ እራመዳለሁ፣ ሲጠጣ ብርጭቆ አጋጫለሁ፣ ሲሞት እወድቅለታለሁ። "እትዬ ኮቴ" ይሉኛል። ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጦ የሚቀዳኝን ባልደረባዬን ደግሞ እኔ "ጆሮ" ብዬዋለሁ። ጆሮ ቁጥብ ሰው ነው፤ ጥሩ ከሆነ ዝም ይላል፣ መጥፎ ከሆነ ያስላል።

ድርጅታችን የሚሠራው የግድያ ፊልም ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ሌላ አይወድም፣ ተመልካቹም ለምዶታል። ዝናብ የግድ ነው፤ ፀሐይ እየወጣ ሰው የሚሞት አይመስላቸውም። ዝናቡ በላሜራ ትሪ ላይ የማንከባልለው ጥሬ ሩዝ ነው። መርማሪው እንቅልፍ ጠግቦ የማያውቅ፣ የጫማው ሶል ያለቀ ሰው ነው፤ ስለዚህ ግራ እግሬን ትንሽ እጎትትለታለሁ። ቆንጆዋ ሴት ቢሮው የምትመጣው ሁልጊዜ እርዳታ ፈልጋ ነው፣ ሁልጊዜም ትዋሻለች፤ ለሷ ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ አለኝ፣ ልትዋሽ ስትል አንድ እርምጃ ታዘገያለች። ገዳይ ግን አይቸኩልም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የሚሮጥ ገዳይ ሠርቼ አላውቅም። የሚሮጠው ንጹሑ ነው፣ ሞኝ!

መደርደሪያዬ ላይ ጫማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል፣ የባለቤታቸው ስም በቾክ ተጽፎባቸዋል፦ መርማሪ፣ ቆንጆዋ፣ ገዳይ፣ ሬሳ። አንድ አዲስ ሠራተኛ "ሬሳ ደግሞ ጫማ ምን ያደርግለታል?" ብሎ ስቆብኝ ነበር። ሲጎተት ባዶ እግሩን ሊሆን ነው እንዴ? አንዳንድ ሰው ሳያስብ ነው የሚናገረው።

ከሁሉም በላይ የምታወቀው ግን በአወዳደቄ ነው። አሮጌ ካፖርት ያለበስኩት የአሸዋ ከረጢት አለኝ። ሰው ሲሞት በሦስት ይወድቃል፤ ጉልበት፣ ትከሻ፣ እጅ። ጉልበቱ ይመታል፣ ትከሻው ይከተላል፤ ከዚያ ትንሽ ዝም እልና፣ ተመልካቹ አለቀ ሲል፣ እጁን በስተመጨረሻ ጣል አደርገዋለሁ። ይቺ የእጅ ነገር የራሴ ፈጠራ ናት። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የሰማት ቀን ከወንበሩ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ድርጅቶች ቀዱብኝ፤ አሁን በዚህ ከተማ በፊልም የሚሞት ሰው ሁሉ እጁን አስከትሎ ነው የሚወድቀው። የሰፈር ልጆች ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ እጃቸውን አዘግይተው ሲጥሉ ያየሁ ቀን በኩራት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም።

የምኖረው ከታላቅ ወንድሜና ከልጁ ጋር ነበር። ወንድም ጋሼ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ ሲገባ ስለኖረ "ሰውን በበር አከፋፈቱ አውቀዋለሁ" ይል ነበር። ሚስቱ የሞተችው ልጅቷ ሰባት ዓመት እንደሞላት ነው። ያኔ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ለአንድ ወር ብዬ ገባሁ፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ልጅቷ ዛሬ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጣ "ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?" ስትል ትውላለች። አክስቴ ነው የምትለኝ። ልጅ ሆና፣ ትኩሳት የያዛት ጊዜ፣ "እማ" ብላ የጠራችኝ ሁለት ሦስት ቀን አለ፤ እንዳልሰማ ሆኜ ተቀብያታለሁ።

ፊልሞቼን ከኔ ይልቅ የሚወዳቸው ወንድም ጋሼ ነበር። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተጣበን እናያለን፤ እሱ ገና ከመጀመሩ ጣቱን ይቀስራል። "ያ ነው ገዳዩ። ያ ሳይጠሩት አቤት የሚለው።" ከአሥር ስምንቱን ያገኝ ነበር። ልጁ "አባዬ፣ በናትህ አትናገር!" እያለች ትራስ ትወረውርበታለች። አንድ ቀን ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

"በናንተ ፊልም ሰው ዝም ብሎ አይሞትም። የግድ አንድ ክፉ ሰው ይፈለግለታል።"

"ዝም ብሎ ለሚሞትማ ማን ቲኬት ይቆርጣል?" አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ ነው፣ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። ወንድም ጋሼ ምሳውን በልቶ መኝታ ቤቱ ገብቶ ጋደም ብሏል። እኔ ሳሎን ተቀምጬ የገዳዩን ጫማ አዲስ ሶል በማስቲሽ አጣብቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ድምፅ መጣ። ለስላሳ፣ ድፍን ያለ፣ አንዴ ብቻ። ጉልበት የለ፣ ትከሻ የለ፣ እጅ የለ። ቀና አልኩ። ጆሮዬ እንደ ልማዱ መዘነውና ፈረደ፤ ብርድ ልብሱ ነው አለ። ወንድም ጋሼ ቀን ሲተኛ ብርድ ልብሱን ረግጦ መሬት የሚጥል ሰው ነው፤ ስንቴ አንስቼለታለሁ። እንዲያውም፣ ይቅር ይበለኝ፣ "ይሄ ድምፅ ለፍራሽ ይሆናል" ብዬ በሆዴ መዝግቤዋለሁ። ከዚያ ወደ ማስቲሼ ተመለስኩ።

ለአሥር ሰዓት አምስት ጉዳይ ሻይ ይዤለት ገባሁ። ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ነበር፣ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። መሬት ላይ የነበረው ወንድሜ ነው። ይተነፍሳል፣ ግን ዓይኑ እኔን አያይም።

ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ።

"መቼ ነው የወደቁት?"

"አላየሁም" አልኩ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም! እውነቴን ነው። በኛ ፊልም ግን እንዲህ ብላ የመለሰች ሴት በቀላሉ አትለቀቅም። መርማሪው አመስግኗት ይሄዳል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሁለት እርምጃ፣ ዝምታ፣ የሶል መዞር፤ ይህን ስንቴ ሠርቼዋለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ "አላዩም። ሰምተው ግን ነበር?" ይላታል። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ሄደ። ኮቴውን እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ በጆሮዬ ተከተልኩት። አልቆመም።

ወንድም ጋሼ አንዲት ቃል ሳይናገር ያን ዕለት ምሽት አረፈ። ልጁ ሐኪሙን "ቀደም ብሎ ቢደርስ ይድን ነበር?" ብላ ጠየቀችው። "እንዲህ ባለው ነገር እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም" አላት። ይህን ሰምታ ዞረችና እኔን አቅፋ አለቀሰች። ያቀፈችው ሰው ምን እንደሰማ አታውቅም።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ የሚያጽናናው እኔን ነበር። "እንኳንም አንቺ ነበርሽ።" "ብቻውን አለመሆኑ አንድ ነገር ነው።" "ባትኖሪ ማን ያገኘው ነበር?" እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ሰው ሲሞት የሚከተለውን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሁሉም አንድ ሳሎን ውስጥ ይሰበሰባል፣ አንድ ሰው እየዞረ "በዚያ ሰዓት የት ነበርሽ? ምን ታደርጊ ነበር?" ይላል። ያንን ሰው ስጠብቅ ሰነበትኩ። ወንበር አነሰ፣ ብርጭቆ አነሰ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ እሱ አልመጣም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እያደር ደፈረሰ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ምናልባት ድምፁን ጨርሶ አልሰማሁ ይሆናል ማለት ጀምሬ ነበር።

ሰው የግድያ ፊልም ለምን እንደሚወድ የገባኝ በነዚያ ቀኖች ነው። ሞት ባለቤት ሲኖረው ይቀላል። በሩ ተከፍቶ ካቴና የገባለት ሰው ሲወጣ ሁላችንም እፎይ እንላለን፤ ሞቱ አብሮት ይሄዳልና። ወንድም ጋሼን ግን ማንም አልገደለውም። አንጎሉ ውስጥ የፈነዳ አንድ የደም ሥር ነው፤ ካቴና የሚገባለት የለም። የቀረው አርባ ደቂቃና እነሱን የማውቃቸው እኔ ብቻ ነን። ብነግራትና ብትጠላኝ፣ በዚህ ምድር ላይ አክስቴ የሚለኝ ሌላ ሰው የለኝም። ባልነግራት ደግሞ ባቀፈችኝ ቁጥር ሌባ ነኝ።

ወር ሳይሞላ ሥራ ገባሁ። የዚያ ቀን ሟች ጠበቃ ነበር፤ ቢሮው ውስጥ በመስኮት ዝናብ እያየ ሳለ ከኋላው ይተኮስበታል። ሩዙን አንከባለልኩ፣ ጥይቱን ቀበቶ አጥፌ አጮህኩ፤ ከረጢቱን ላነሳ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ካፖርቱን ገፈፍኩት። ከረጢቱን በጥጥ ፍራሽ ጠቅልዬ ከጉልበቴ ከፍታ አንዴ ለቀቅሁት። ልክ የዚያች ቅዳሜው ድምፅ። ጆሮ አላሳለም፣ ዝም ማለቱም እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም፤ ከመስታወቱ ማዶ ቀና ብሎ አየኝ።

ዳይሬክተሩ በሩን ከፍቶ ገባ። "እትዬ ኮቴ፣ ይሄ ምንድነው? ብርድ ልብስ ነው እንዴ የወደቀው?"



"ሰው ነው" አልኩት። "ሰው እንዲህ ነው የሚወድቀው።"

"ሰው እንዴት እንደሚወድቅማ ያስተማርሽን አንቺው አይደለሽ እንዴ? ተመልካቹ መሞቱን በምን ይወቅ? እጁስ የታለ?"

"እጅ የለውም።"

"እትዬ፣ ኀዘን ላይ ነሽ፣ ይገባኛል። ግን እባክሽ እጁን ስጪኝ።"

ሰጠሁት። ካፖርቱን መልሼ አለበስኩና ጉልበት፣ ትከሻ፣ ትንሽ ዝምታ፣ እጅ። "ሞት ማለት ይሄ ነው!" ብሎ እጁን እያፋጨ ወጣ። ልወጣ ስል ጆሮ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

"የፊተኛውን አላጠፋሁትም" አለኝ። "ስልክሽ ላይ ልኬልሻለሁ።"

"ምን ያደርግልኛል ብለህ?"

"እንጃ። አስፈራኝ።"

ማፈር ይገባኛል፣ ግን መንገድ ላይ ደስ አለኝ። ምስክር አገኘሁ! በዚህ ከተማ የሞትን ድምፅ ከማንም በላይ የሰማው ሰው፣ ዳይሬክተሩ፣ በገዛ አፉ "ብርድ ልብስ" ብሏል። እነግራታለሁ፣ አሰማታለሁ፣ እሷም ብርድ ልብስ ነው ትላለች፤ በቃ፣ ነጻ ነኝ። እቤት እስክደርስ ድረስ ንግግሬን እንደ ጠበቃ ሳሰካካ ሄድኩ። ለነገሩ ጠበቃውን ቅድም ነው የገደልኩት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ነገርኳት። የሥራ ጋውኗን ሳሎን ውስጥ እየተኮሰች ነበር።

"ሰምቼ ነበር" አልኳት።

"ምኑን?"

"አባትሽ ሲወድቅ።"

ካውያውን አቆመችው። ፊቷ አልተለወጠም፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊደል ሲያነብላት እንደምትጠብቀው ጠበቀችኝ።

"ስንት ሰዓት ነበር?"

"ዘጠኝ ከሩብ።"

"የገባሽውስ?"

"ለአሥር አምስት ጉዳይ።"

ስጠብቀው የከረምኩት ጠያቂ እቤቴ ውስጥ ነበረ ለካ። ዝናብ አልነበረም፣ ጢስ አልነበረም፤ የተተኮሰ ጨርቅ ሽታና አንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ብቻ። ያን ጊዜ አፌ ተፈታና ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ትከሻው፣ በሃያ ሁለት ዓመት ስለሠራሁት ውሸት፣ የራሴን ውሸት መልሼ ስለማመኔ፣ ለሐኪሙ "አላየሁም" ስለማለቴ። ስልኬን አውጥቼ አሰማኋት። ደግሜ እንዳሰማት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ደገምኩት።

"ብርድ ልብስ ይመስላል" አለች።

"አይደል?" አልኩ። "ዳይሬክተሩም እኮ እንደዚያ ነው ያለው። ማንም ሰው ቢሆን—"

"ብርድ ልብስስ ቢሆን?"

"እ?"

"ብርድ ልብስ ነው እንበል፣ አክስቴ። እኔ ብሆን 'አባዬ፣ ምን ወደቀ?' እል ነበር። ተነስቼ ባልሄድ እንኳ፣ ከተቀመጥኩበት።"

ወር ሙሉ ራሴን ችሎት አቁሜ የተከራከርኩት ድምፁ የምን ነበር በሚለው ላይ ነው። ድምፁን አወቅሁት ወይስ ተሳሳትኩ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ያውቀው ነበር ወይስ አያውቀውም። እሷ ያንን ሁሉ በአንድ እጇ ገፋ አድርጋ ወንድሜን ለምን እንዳልጠራሁት ጠየቀችኝ። "ምን ወደቀ?" ማለት ትንፋሽ አይጨርስም። እኔ ግን አዋቂ ነኝ፤ አዋቂ ደግሞ አይጠይቅም።

"ይቅርታ፣ ልጄ" አልኳት።

ካውያውን ነቀለች። ግማሹ ያልተተኮሰውን ጋውን ክንዷ ላይ አድርጋ ክፍሏ ገባችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። እኔ ብሠራው ኖሮ አላትመው ነበር።

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያልቃል። ጥፋተኛው ተናዟል፣ ዝናቡ ያባራል፣ ሙዚቃ ይገባል። ከተናዘዙ በኋላ እራት እንደሚሠራ፣ በማግስቱ አንዱን መታጠቢያ ቤት ተራ እንደሚጠባበቁ፣ ሁለት ሰው በአንድ ጠባብ ኮሪደር ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ እንደሚተላለፍ ያሳየ ፊልም አላየሁም። ሰኞ አላናገረችኝም። ማክሰኞም። የሠራሁላትን ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች፣ ክፍሏ ትገባለች። ረቡዕ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩና አቧራውን ጠርጌ መልሼ ሰቀልኩት። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር፣ እሷም ሂጂ አላለችኝም።

ሐሙስ ከሥራ ተመልሳ ክፍሏ ገባች። ገና አልመሸም፤ መብራት እንኳ አላበራሁም። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የቆንጆዋን ጫማ ተረከዝ እጠግናለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ወደቀ። ፕላስቲክ፣ ቀላል፣ ሴራሚክ ላይ፣ ሁለቴ ነጥሮ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ማበጠሪያ ነው። ስሜን እንደማውቀው አውቄዋለሁ፤ የትኛዋ ማበጠሪያ እንደሆነች ብባል እንኳ እናገራለሁ። ጫማውን አስቀመጥኩ።

"ምን ወደቀ?" ብዬ ተጣራሁ።

ያን ያህል ዝምታ በፊልም ብተው ጆሮ ሳል ይገድለው ነበር። ተነስቼ እስከ በሯ ሄድኩ፣ እጄንም በሩ ላይ አደረግሁ፤ ሳላንኳኳ ቆምኩ።

"ማበጠሪያዬ ነው፣ አክስቴ" አለችኝ።